የእድሩ መዝገብ የት ይግባ?

እናቴ ያለችበት እድር ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ባለፈው ወር ጸሐፊውን ለምኜ የድሮውን መዝገብ አየሁት። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ነው። ጠርዙ ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል። በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ነበር የሚቀመጠው። ጸሐፊው አቧራውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ሰጡኝ።

መጀመሪያው ገጽ ላይ የንብረት ዝርዝር አለ። ድንኳን 2። አግዳሚ ወንበር 30። ብረት ድስት 4። ከዚያ የአባላት ስም ይቀጥላል። የወር መዋጮ 2 ብር። ቀብር ያልወጣ 1 ብር ይቀጣል። ባል ሲሞት ስሙ በአንድ መስመር ይሰረዝና ከጎኑ «በባለቤታቸው ተተክቷል» ይባላል። እነዚያ ሴቶች ለስንት ለቅሶ እንጀራ ጋግረዋል፣ ንፍሮ ቀቅለዋል። ስማቸው መዝገብ የገባው ግን ባላቸው ካረፈ በኋላ ነው።

1970 ዓ.ም. ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ቀይ ሽብር ነው። ልጁ የተገደለበት ወላጅ ማልቀስ የተከለከለበት ጊዜ። በዚያ ዓመት ድንኳን ወጣ የሚል ጽሑፍ ጥቂት ነው። ሦስት ቦታ ላይ ግን የሟች ስም ሳይጻፍ «ለቤተሰብ መርጃ» ተብሎ ገንዘብ ወጥቷል። ጸሐፊው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። «እነዚህ ልጆቹ ናቸው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን ደብተር ካየሁ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የባህል ጥናት ሲባል ሐሳባችን ሁልጊዜ ሩቅ ይሄዳል። ኦሞ ሸለቆ፣ የሰርግ ልብስ፣ ጭፈራ። የእነሱ ጥናት መቅረት የለበትም። ግን የራሳችን ሰፈር ኑሮ ባህል አይመስለንም። ድንኳን እንዴት እንደሚተከል፣ ለቅሶ ቤት ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ቡና ማን እንደሚያፈላ ሁላችንም ስለምናውቀው ማንም አይጽፈውም። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ደግሞ ሳይታወቀን ነው የሚጠፋው።

ስለ እድር አልተጻፈም ማለቴ አይደለም። ብዙ ተጽፏል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ይሠሩበታል። አብዛኛው ግን እድርን የሚጠይቀው ለሌላ ጉዳይ ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል እንዴት ይጠቅማል? ለድሃ ኢንሹራንስ ይሆናል ወይ? ለልማትስ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሰው ከተኳረፈው ጎረቤቱ ቤት እንኳን ሄዶ ካስማ የሚመታው ለምን እንደሆነ ግን ከእነሱ አይገኝም። ደግሞ በብዛት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለው የተጠየቁት የእድር ዳኛ፣ የተጻፈውን አንብበው «ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚሉበት ዕድል የላቸውም። እኔን በጣም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

እዚሁ አገር ጥሩ ጅምር ነበረን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ፣ ማለትም የሕዝቦችን ባህል የሚያጠና፣ ማኅበር ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ መጽሔት ያሳትም ነበር። ተማሪዎቹ የሚጽፉት ስለመጡበት አካባቢ፣ ስለሚያውቁት ወግና ልማድ ነው። እነሱም በእንግሊዝኛ ነበር የጻፉት። ግን የጻፉት የቤታቸውን ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን ሙዚየሙን ያየ ሰው ያስታውሳል። ዕቃዎቹ የሰውን ዕድሜ ተከትለው ነው የተደረደሩት። ከልጅነት ይነሣል፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ላይ ይደርሳል። የሰፈር እድር ጥሩምባና መዝገብ ቦታቸው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቀንም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ፈረሰ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ። የተነሣው ሰው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳር አካባቢዎች ሄደ። ልማቱ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ዛሬ አላነሣም። ሰው ሲነሣ ምትክ ቤት ሊሰጠው ይችላል። ለእድሩ ምትክ የሚሰጥ ግን የለም። ድንኳኑ ይሸጣል፣ ድስቱ ይከፋፈላል፣ ገንዘቡም እንደዚያው። ደብተሩ ግን ማንም የማይፈልገው ዕቃ ይሆንና የሆነ ቤት ይቀራል። የጸሐፊው ልጆች ዕቃ ሲጭኑ ሊጥሉት ይችላሉ።

የእኛ ሰፈርም ግማሹ ሄዷል። ድሮ ጥሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ ይመጡ ነበር። ወንዙ ድልድይ ላይ አንዴ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ አንዴ፣ እኛ በር ላይ አንዴ ይቆማሉ። ድምፃቸው የት ቆመው የት እንደሚደርስ ያውቁታል። መጀመሪያ ጥሩምባው፣ ከዚያ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ ስሙ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። አሁን መርዶው በቴሌግራም ነው የሚመጣው። ለተበተነ ሰው ጥሩ ነው፣ ሌላ ምንም መንገድ የለም። ያቺን ዝምታ ግን የቀዳት ሰው መኖሩን እንጃ።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ይሰጣቸው። የአያታቸውን እድር መዝገብ አይተው፣ ዳኛውን ጠይቀው፣ በአማርኛ ወይም በቤታቸው ቋንቋ አራት ገጽ ይጻፉ። የጻፉትን በእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ያንብቡት። ስህተት ካለ እዚያው ይታረማል። ቅጂው ለቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። ዋሽንግተን ላሉ እድሮችም ይህ ይሠራል፣ እነሱም አሁን አሮጌ መዝገብ አላቸው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መዝገቡ ውስጥ ዕዳ አለ፣ ቅጣት አለ፣ መዋጮ መክፈል ያቃተው ሰው አለ። ያ የሰው ገመና ነው። አባላቱ ተሰብስበው ሳይስማሙ አንድ ገጽ እንኳን መውጣት የለበትም። በሕይወት ያለ ሰው ስምም ይሸፈን። እነዚያን ሦስት መስመሮች በሚመለከት ደግሞ ቤተሰቦቹ መጀመሪያ ይጠየቁ። ምናልባት ስሙ እንዲጻፍ ይፈልጉ ይሆናል። ምናልባት አይፈልጉም።

ጸሐፊውን ፎቶ ላንሣው ወይ ብያቸው ነበር። ትንሽ አሰቡና «ስብሰባው ላይ ላቅርበው፣ አንተም ናና ራስህ አስረዳቸው» አሉኝ። ስብሰባው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። እናቴ ቀድማ ነግራቸዋለች መሰለኝ፣ ሁለት እናቶች መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ጥሩምባ ነፊውንም ጥራቸው» ብለውኛል።