መጽናትና ችክ ማለት ለየቅል ናቸው

ስለ ስኬት የሚናገር ሁሉ «ተስፋ አትቁረጥ» ማለት አይቸግረውም። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ግን ጎደሎ ነው። ባንድ ነገር ላይ ችክ ያለ ሁሉ ጽኑ ከተባለማ አጭበርባሪም ጽኑ ነው፤ እንዲያውም ችክ በማለት ብዙዎቻችንን ያስከነዳል። ስለዚህ ስለ አንድ ስኬታማ ሰው ሲወራ፣ ስንት ዓመት ታገለ ከሚለው ይልቅ የሚያጓጓኝ ሌላ ነገር ነው፤ በመሃል «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ሲባል ምን አደረገ?

እንግሊዛዊውን የሒሳብ ሊቅ አንድሪው ዋይልስን እንውሰድ። ገና በ10 ዓመቱ፣ ከቤተ መጻሕፍት ባገኘው መጽሐፍ ከፌርማ የመጨረሻ ቲዎረም ጋር ተዋወቀ። ነገሩ ለልጅም ይገባል፤ ከዜሮ የሚበልጡ ሙሉ ቁጥሮችን ብንወስድ፣ የሁለት ቁጥሮች ኩብ (ቁጥሩ ሦስቴ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው) ተደምሮ የሌላ ቁጥር ኩብ ሊሆን አይችልም። ከኩብ አልፈን ቁጥሮቹን አራቴ፣ አምስቴ፣ መቶ ጊዜም በራሳቸው ብናባዛ ያው ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማረጋገጫው እንዳለው፣ ግን ኅዳጉ እንደማይበቃው መጽሐፍ ጥግ ላይ ጫር አድርጎ አለፈ። ከ350 ዓመት በላይ ያረጋገጠለት ሰው አልተገኘም።

ዋይልስ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለሰባት ዓመታት ያህል ከጥቂት ቅርብ ሰዎች በቀር ለሰው ሳይናገር ሠራበት። በጁን 1993 በካምብሪጅ በተከታታይ በሰጣቸው ሦስት ንግግሮች መጨረሻ ላይ ማረጋገጫውን ይፋ አደረገ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ጋዜጦችም ተቀባበሉት።

ብዙ ተናጋሪዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ለእኔ ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጽሑፉን መስመር በመስመር እንዲመረምሩ ከተሰጣቸው ባለሙያዎች አንዱ ጥያቄ አነሣ። መጀመሪያ ቀላል ይመስል ነበር፤ ሲመረመር ግን ማረጋገጫው ከቆመባቸው ነጥቦች አንዱ ክፍተት ነበረበት። ዓለም ያጨበጨበለት ሰው በዲሴምበር ላይ ክፍተት መኖሩን ለሙያ ባልደረቦቹ በጽሑፍ አሳወቀ። ከዚያ በቀድሞ ተማሪው በሪቻርድ ቴይለር እየታገዘ ወራት ለፋ፤ ሊተወውም ጫፍ ደርሶ ነበር። በሴፕቴምበር 1994 አንድ ጠዋት፣ ዘዴው ለምን እንደከሸፈ ቢያንስ ይግባኝ ብሎ ቁጭ አለ። ዘዴውን ያከሸፈው ነገር ራሱ፣ ቀደም ሲል ጥሎት ከነበረ ሌላ መንገድ ጋር ቢጣመር እንደሚሠራ የታየው ያኔ ነው። ሥራው በ1995 ታተመ። በሰባቱ ዓመታት እደነቃለሁ፤ ባርኔጣዬን የማነሣው ግን ከጭብጨባው በኋላ ላለችው አንዲት ዓመት ነው።

አሁን ኤልዛቤት ሆልምስን አጠገቡ እናቁም። በ19 ዓመቷ፣ በ2003፣ ትምህርቷን ከስታንፎርድ አቋርጣ ቴራኖስ የተባለውን የደም ምርመራ ኩባንያ መሠረተች። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ዓይነት ምርመራ እንሠራለን አለች። ከአሥር ዓመት በላይ አልተበገረችም፤ መጽሔቶችም የጽናት ምሳሌ አድርገው በፊት ገጻቸው አወጧት። በ2015 ግን አብዛኛው ምርመራ የሚሠራው በራሷ መሣሪያ ሳይሆን ሌሎች ኩባንያዎች በሚያመርቷቸው የተለመዱ ማሽኖች መሆኑ በጋዜጣ ተጋለጠ። በ2022 መጀመሪያ ላይ ገንዘባቸውን ያፈሰሱትን በማታለል ጥፋተኛ ተባለች፤ በዚያው ዓመት ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት። ድካም የሚባል ነገር አልጎደላትም ነበር። የጎደላት መሣሪያው «አይሆንም» ሲላት መስማት ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን። ቀን ስለቆጠረ ብቻ እግር ያወጣ እንቁላል ግን የለም፤ ቀን ቆጥሮ የገማም ሞልቷል።

የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪዋ ካታሊን ካሪኮ ቀን ከመቁጠር የተለየ ነገር አድርጋለች። በ1985 ከሃንጋሪ ወደ አሜሪካ ሄዳ ኤምአርኤንኤ የተባለው የሴል መልእክተኛ ለሕክምና ይውላል ብላ ተነሣች። የምርምር ገንዘብ በጠየቀች ቁጥር ይነፈጋታል፤ በ1995 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ከነበራት ደረጃ ዝቅ ተደረገች። በዚህ ላይ ሞለኪውሉ ራሱ እምቢ አላት። በቤተ ሙከራ የተሠራው ኤምአርኤንኤ የሰውነትን መከላከያ እየቀሰቀሰ ብግነት ያመጣ ነበር። እሷና የምርምር ባልደረባዋ ድሩ ዋይስማን ለማነጻጸሪያ ያስገቡት ሌላ ዓይነት አርኤንኤ ግን መከላከያውን ሳይነካ ዝም አለ። ለምን? በተፈጥሮው ከፊደላቱ፣ ማለትም ከተገነባባቸው ኬሚካላዊ ክፍሎች፣ አንዳንዶቹ በኬሚካል የተለወጡ ስለሆኑ። እነሱም ከኤምአርኤንኤው ፊደላት አንዱን በተለወጠ ዓይነት ተኩት፤ ብግነቱም ተወ። ግኝታቸው በ2005 ታትሞ ብዙም አልተወራለትም፤ በኋላ በኤምአርኤንኤ ለሚሠሩት የኮቪድ ክትባቶች መሠረት ሆነ፣ በ2023ም የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። ካሪኮ ያው ሙከራ ላይ ሙጭጭ ብላ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ብግነቱን ስታይ ትኖር ነበር።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፤ ጽናት ወጪ አለው። ዋይልስ በሚስጥር በሠራባቸው ዓመታት የፕሪንስተን ፕሮፌሰር ነበር፤ ደመወዙ አልተቋረጠበትም። ካሪኮም ደረጃዋ ቢቀንስ የምትሠራበት ቤተ ሙከራ አላጣችም። የወር ወጪውን የሚሸፍንለት ለሌለው ሰው ከመድረክ ላይ ሆኖ «ጽና» ማለት ርካሽ ነገር ነው። አንዳንዱ የሚተወው ልቡ ስለራደ ሳይሆን የሚያሳድገው ልጅ ስላለው ነው፤ እሱን ሰነፍ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ያናድደኛል። ደግሞም መንገዱ እንደማያደርስ በማስረጃ አውቆ የተመለሰ ሰው ምኑ ይነቀፋል?

ለፍቶ ግቡ ላይ ያልደረሰስ? የፌርማን ጥያቄ ከዋይልስ በፊት ከታገሉት አንዷ ፈረንሳዊቷ ሶፊ ዠርሜን ናት። ሴት ናት ብለው እንዳይንቋት ለታላቁ የሒሳብ ሊቅ ለጋውስ ደብዳቤ የጻፈችው «ለብላን» በሚል የወንድ ስም ነበር። ጥያቄውን ባንድ ጊዜ ጠቅልሎ ይፈታል ያለችው ዕቅድ አልሠራላትም። ለተወሰኑ ቁጥሮች ያረጋገጠችው ክፍል ግን ቆመ፤ በስሟ ይጠራል፣ የሒሳብ ተማሪዎች ዛሬም ያጠኑታል። በ1831 ስትሞት ዋና ጥያቄው እንዳልተፈታ ነበር። ስኬታማ ሰው ጥቀስ ብባል ግን፣ የመጽሔት ሽፋን ካሞቁት ብዙዎች ይልቅ ፈጥኜ የምጠራው የእሷን ስም ነው።