ቦርሳው ፈረሱላ ሊሞላ ነው

ቅዳሜ ማታ ከሰርግ ስመለስ ሰፈራችን ያሉት ቡና ነጋዴ መጋዘናቸውን ሊዘጉ ነበር። ወገቤ ለሁለት የተከፈለ መስሎኛል። «ሐጂ፣ እስቲ ይቺን ይመዝኑልኝ» አልኳቸው። የካሜራ ቦርሳዬን ሚዛኑ ላይ ጣል አደረግኩት። አስራ አንድ ኪሎ ተኩል! ሐጂ ቦርሳውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «አምስት ኪሎ ተኩል ብትጨምርበት ፈረሱላ ይሞላል። ቡና ቢሆን እገዛህ ነበር» አሉኝ።

ከጅማ ውጭ ላላችሁ፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ቡና የሚመዘንበት። እኔ ግን ቡና አልነግድም፣ ሰርግ ነው የማነሳው።

ሰው ካሜራማን ሲያይ «ቁልፍ ተጭኖ ብር የሚቆጥር» ይለዋል። ቁልፉን ተሸክሞ የሚዞረውን ጀርባ ማንም አያየውም። ምን ምን ይዘህ ነው ለምትሉኝ፦ አንዱ ካሜራ ካነን ፋይቭ ዲ ማርክ ፎር ነው። ቦዲው (ሌንስ ያልተገጠመበት ካሜራ) ብቻውን 800 ግራም። 24-70 ሌንሱም ያንኑ ያህላል። 70-200 የሚባለው፣ ሩቁን የሚያቀርብ፣ ቅልጥም የሚያህል ሌንስ ደግሞ ለብቻው ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ሁለተኛ ካሜራ ሲጨመር፣ ሁለት ፍላሽ፣ ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ላፕቶፑ… ቦርሳው ራሱ ባዶውን ከሁለት ኪሎ በላይ ነው። ስፖንጅና ዚፕ ተሸክሜ እየዞርኩ ነው እኮ!

በዚህ ስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አራት ቦርሳ ገዝቻለሁ። አራቱም ለሌላ ሰው የተሰሩ ናቸው።

የመጀመሪያው በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠል ነበር። ስለሱ ብዙ አልልም። ግራ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉርድ ፎቶዬን ያየ ያውቃል።

ሁለተኛውን አዲስ አበባ መርካቶ ነው የገዛሁት። ሻጩ «ኦርጅናል ነው፣ ውሃ የሚባል አያስገባም» ብሎ ሃይላንድ ውሃ አፈሰሰበት። ውሃው ኳስ ኳስ እየሆነ ተንከባለለ። እኔም አፌን ከፍቼ አየሁ፣ ከፈልኩ። ያላየሁት ነገር ውሃውን ያፈሰሰው መሃል ጨርቁ ላይ መሆኑን ነው። ዝናብ በጨርቁ በኩል አይገባም። በዚፑና በስፌቱ ነው የሚገባው። ወገን፣ «ውሃ አያስገባም» የሚላችሁ ሰው ዚፑ ላይ ያፍስስ!

ደግሞ «30 ሊትር ይይዛል» አለኝ። ሊትር? ውሃ ልቀዳበት ነው? እኔ የምፈልገው ስንት እንደሚይዝ አይደለም። ቆሜ ስንት ሰከንድ ውስጥ ከፍቼ ሌንስ አወጣለሁ ነው ጥያቄው። ይህን የሚነግርህ ሻጭ የለም። ቦርሳ ሱቅ ውስጥ ባዶውን ሲያዝሉት ሁሉም ያምራል።

የዚያ ቦርሳ ዋናው ጉዱ አከፋፈቱ ነበር። ዚፑ ከፊት ነው። ለመክፈት ጀርባውን መሬት ላይ ማስተኛት አለብህ። ማለትም ጀርባህን የሚነካውን በኩል፣ ማንገቻው ያለበትን። አሁን የጅማን አፈር አስቡት። ቀይ ነው። ዝናብ ሲነካው ቦክቶ የተቀመጠ ሊጥ ነው። ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ግቢ ሙሽሮችን ይዤ ወጥቻለሁ። ጠዋት ዘንቦ አባርቷል። ሌንስ ልቀይር ቦርሳውን መሬት ላይ ዘርግቼ ከፈትኩ፣ ቀየርኩ፣ ዘጋሁ፣ መልሼ አዘልኩ። ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ፣ ሰርግ ነዋ። ከሰዓት ሰርግ ቤት ስንደርስ የሙሽራው እናት ሮጠው መጡ። «ውይ የኔ ልጅ፣ ጀርባህን ምን ሆንክ? ማን መታህ?» ሸሚዜ ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ ሁለት ቀይ መስመር ወርዷል። የማንገቻው ቅርጽ ቁጭ! ያን ቀን አንዲት ልጅ በስልኳ ከኋላ አንስታኝ ቲክቶክ ላይ ተለቅቄያለሁ። እኔ ነኝ የማነሳው ወይስ የምነሳው?

ሶስተኛውን ስነግራችሁ እንዳትስቁ። ጎማ ያለው ነው። «ወገብህን ያሳርፍልሃል» ብለውኝ። ኤርፖርት ወለል ላይ እንደሚያሳርፍ አልጠራጠርም። ሰፈራችን ያለው ግን ኮብልስቶን ነው፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ጭቃ ነው። ድንጋዩ ላይ ስጎትተው ውስጡ ያለው ሌንስ ሁሉ እንደ ከበሮ ይደለቃል። ጭቃው ላይ ጎማው አይዞርም፣ ይንሸራተታል። በሶስተኛው ቀን ተሸከምኩት። ጎማ ያለው ቦርሳ መሸከም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ የታረሰበትን ሞፈር ከነበሬው ቤት ድረስ መሸከም ነው።

አራተኛው ጥሩ ነው። እውነቱን ልናገር። ዚፑ በጀርባ በኩል ነው፣ አዝለኸው ሳለ ማንም ሊከፍተው አይችልም። መናኸሪያ ውስጥ የሚጋፋህ ሁሉ ተሳፋሪ አይደለምና ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሆዴ በኩል አዙሬ ሳላወርደው እከፍተዋለሁ። የወገብ ቀበቶም አለው። ክብደቱን ከትከሻ ወስዶ ዳሌ ላይ ያሳርፋል። ታዲያ ምን ጎደለው? ፊቱ ላይ የካሜራ ኩባንያ ስም በነጭ፣ በትልቁ ተጽፎበታል! «እዚህ ውስጥ የሚሰረቅ ነገር አለ» የሚል ታርጋ ለጥፎ መዞር ማለት ነው። በጥቁር ማርከር ቀባሁት። ዝናብ አጠበው።

አዎ፣ ወደ ዝናቡ ልምጣ። የጅማ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም። መጋቢት ላይ ይጀምራል፣ መስቀል አልፎም አይለቅህም። ቦርሳው ከስሩ የሚመዘዝ የዝናብ ልብስ አለው። ስስ ናት፣ ላስቲክ አላት፣ ታምራለች። ከላይ የሚዘንበውን ትከላከላለች። ከትከሻዬ ወርዶ በጀርባዬና በቦርሳው መሃል የሚፈሰውን ግን ማን ይከልክለው? ዚፑ ያለው ደግሞ እዚያው ነው! ባጃጅ ውስጥ ብገባም ያው ነው፣ የጎን ሸራው ሁልጊዜ የተቀደደው እኔ በምቀመጥበት በኩል ነው። ስለዚህ የስንት ሺህ ብር ቦርሳ ይዤ ዞሬ ዞሬ እያንዳንዱን ሌንስ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ነው የማስገባው። ፌስታል! ያቺ የሽንኩርት መያዣ።

ፌስታሉም ቢሆን መዘዝ አለው። እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። የቦርሳው ስፖንጅም እንደዚያው ነው፣ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም። ጨለማ፣ እርጥበት፣ የማይንቀሳቀስ አየር። ሻጋታ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? አንድ ክረምት 50 ሚሊ ሜትሯን ሌንሴን ቦርሳ ውስጥ ረስቼ ሁለት ወር ያህል ቆየች። አውጥቼ ወደ መስኮት ሳያት መስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር በቅሏል። ከላይ አይደለም፣ ከውስጥ! በጨርቅ ብትጠርገው አይነካ። ጠጋኙ ፈቶ ቢያጸዳውም ሻጋታው መስታወቱ የተቀባውን ስስ ሽፋን በልቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ሁሉም ሙሽራ ጉም ውስጥ የቆመ ይመስላል። «ኢፌክት ነው» እያልኩ ትንሽ ሰራሁባት።

የሚያናድደኝ ደግሞ የቡና አገር ሰው ሆኜ ይህን አለማወቄ ነው። እነ ሐጂ ቡናው እርጥበቱ ከ12 በመቶ ገደማ ካለፈ ይሻግታል ብለው አይነኩትም። ጆንያውን እንኳን ባዶ ሲሚንቶ ላይ አያስቀምጡም፣ ከስር እንጨት ይረበርባሉ። እኔ የስንት ቡና ዋጋ የሚያወጣ ሌንስ እርጥብ ስፖንጅ ውስጥ ቀብሬ እተኛለሁ። አሁን ጫማ ቤቶችን እለምናለሁ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን፣ «አትብሉ» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት። ሲሊካ ጄል ነው፣ እርጥበት ይስባል። እሱም ሲጠግብ መድረቅ አለበት እንጂ ለዘላለም አይሰራም። የጫማ ቤቱ ልጅ «ካሜራማኑ መጣ፣ ከረጢቱን ስጡት» ይላል። እንደ ለማኝ ቀን አለኝ፣ ማክሰኞ።

እሺ። ይህ ሁሉ የቦርሳው ጥፋት ነው። አሁን የሰውን ልንገራችሁ።

ቦርሳ ሳዘጋጅ ስርዓት አለኝ። ከባዱ ሌንስ መሃል፣ ወደ ጀርባዬ ተጠግቶ። ካሜራው ከነሌንሱ፣ እጄ በሚገባበት በኩል። የሞላ ባትሪ በቀኝ፣ ያለቀ በግራ። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ተነስቼ፣ መብራት ካለ በመብራት ከሌለ በስልክ፣ እንደ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ እደረድራለሁ። ከዚያ ሰርግ ቤት እደርሳለሁ። «ካሜራማን፣ የኔ ወንድም፣ ይቺን ስልክ ያዝልኝማ።» ያዝኩ። «ቦርሳህ ትልቅ ነው አይደል፣ የሚዜዋን ጫማ ለአፍታ።» ለአፍታ። አክስትየው የእጅ ቦርሳቸውን ሰጡኝ፣ «ብር አለበት የኔ ልጅ፣ አደራ»። አደራ ከተባለ ምን ይባላል? አንዱ የመኪና ቁልፍ፣ አንዷ የሕፃን ጡጦ። ጡጦ! ሌንስ አጠገብ!

ሙሽሪት ከቤት ልትወጣ ነው። የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ሳሎኑ በሰው ታጭቋል፣ መጠጋት አይታሰብም። 70-200ው ያስፈልገኛል። እጄን ሰደድኩ። የወጣው ባለ ተረከዝ ጫማ ነው። እንደገና ሰደድኩ። ሁለተኛው እግር ጫማ። እንደገና። ጡጦ። አባትየው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። እኔ በግራ እጄ ጫማ፣ በቀኜ ጡጦ ይዤ ቆሜያለሁ።

አልበም ሲመርጡ ጫማዋን ያስያዘችኝ ራሷ ሚዜዋ ናት «አባባ ሲያለቅሱ ያነሳኸው የት ሄደ?» ያለችኝ። በእግዜር!

ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆረጥኩ። ገበያ ወርጄ አንድ ተራ የተማሪ ቦርሳ ገዛሁ። ሶፋ ከሚሰራ ልጅ ቁራጭ ስፖንጅ ለመንኩ፣ ልብስ ሰፊው ጋ ወስጄ የቦርሳውን ውስጥ በስፖንጁ አስከፋፈልኩት። አንድ ካሜራ፣ ሁለት ሌንስ፣ አንድ ፍላሽ። ሌላው ቤት ቀረ። ላፕቶፑም ቀረ። ሐጂ ጋ ባስመዝነው አምስት ኪሎ አይሞላም። ማንም ካሜራ አለበት ብሎ አይጠረጥርም፣ የአውቶቡስ ረዳት እንኳን «ፖርቶ መጋላ ላይ ስቀለው» ብሎ አይጨቀጭቀኝም። ትላንት አንድ ኒካህ ላይ ይዤው ወጣሁ። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ወገቤ መኖሩን ረሳሁት።

ማታ ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ግማሽ ዳቦ በሶፍት ተጠቅልሎ። አንድ የሕፃን ካልሲ። ሶስት ቁልፍ ያለበት፣ አረንጓዴ ክር የታሰረበት መያዣ። መቼ እንደገቡ አላውቅም።

ዳቦውን በልቼዋለሁ። ትላንት እዚያ የነበራችሁ፣ ቤታችሁ መግባት ያቃታችሁ ካላችሁ ኢንቦክስ።