የማን ልጅ ነሽ?

በውጭ አገር ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ የማይለቀው ስጋት አለ፤ ልጄ ማንነቱን ያጣ ይሆን የሚል። ለዚህ ስጋት የምናዘጋጀው መድኃኒት ከከተማ ከተማ አይለያይም። ቅዳሜ የአማርኛ ፊደል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በእንቁጣጣሽ የሐበሻ ቀሚስ፣ ከተቻለም የክራር ትምህርት። እነዚህን ሁሉ እወዳቸዋለሁ፤ በምኖርበት በፍራንክፈርትም ለልጄ አንዱንም አላጎደልኩባትም። ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ይዣት ከከረምኩ በኋላ ግን፣ ልጆቻችንን ከሁሉ በላይ የሚጎድላቸው ፊደሉም ቀሚሱም እንዳልሆነ አምኛለሁ። የሚጎድላቸው ምስክር ነው። ከእነርሱ በፊት የነበረውን የሚያውቁ፣ እነርሱንም እያዩ የሚያሳድጉ ሰዎች የሏቸውም።

ሽምብጥ፣ ባደግሁበት ሰፈር፣ ልጄ ዳቦ ልትገዛ ብቻዋን ወጣች። ስትመለስ አንዲት የጎረቤት እናት እጇን ይዘዋት መጡ። መንገድ ላይ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለዋታል። የእኔን ስም ብትነግራቸው አልበቃቸውም፤ የአያቷን፣ ቀጥሎም የቅድመ አያቷን አስጠሯት። ቅድመ አያቷ ላይ ስትደርስ ጠፋባት፤ እሳቸው ጨረሱላት። ከዚያ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ራሴ የማላስታውሰውን የእኔን ታሪክ ይነግሯት ጀመር። ሕፃን ሳለሁ ወደ ሐይቁ ጠፍቼ ሰፈሩ በሙሉ ሲፈልገኝ እንደዋለ፣ ደንገል መካከል ተኝቼ ያገኘኝ ዓሣ አጥማጅ እንደነበረ፣ እናቴም የዚያን ዕለት ለሚካኤል ተስላ ስለቷን እስክታደርስ ድረስ እንቅልፍ እንዳልነበራት። በመጨረሻ ልጄን አገጯን ያዝ አድርገው «አንቺ ደግሞ ስትቆጪ ቁርጥ አያትሽን ነሽ» አሏት። ልጄ አያቷን በሕይወት አላገኘቻትም። በማግስቱ መስታወት ፊት ቆማ ፊቷን ስታኮሳትር አየኋት።

ይህን ታሪክ እኔ ብነግራት ኖሮ ተረት ይመስላት ነበር። አባት ብቻውን ስለ ራሱ ቢያወራ ማን ያረጋግጥለታል? እዚያ በረንዳ ላይ ግን ሌላዋ ጎረቤት መጥተው «ያገኘው እኮ ዓሣ አጥማጁ አልነበረም፤ የእሱ ልጅ ነው» ብለው ተከራከሩ። ታሪኩ እውነት የሆነላት ሲከራከሩበት ነው።

በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁራን የሆኑት ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ ይህን ነገር በ20 ጥያቄዎች መርምረውታል። አያቶችህ የት እንዳደጉ ታውቃለህ? ወላጆችህ እንዴት እንደተዋወቁ ታውቃለህ? በቤተሰባችሁ ላይ የደረሰ ክፉ ነገር ታውቃለህ? ስትወለድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ብዙውን የሚያውቁ ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት የተሻለ፣ ኑሯቸውንም በእጃቸው እንደያዙ የሚሰማቸው ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር አጥብቀው ተናግረዋል፤ መልሱን በቃል መሸምደድ ልጁን አይለውጠውም፣ የሚያንጸው መልሱ የተነገረበት አብሮ የመሆን ጊዜ ነው። የባሕር ዳር ልጅ እነዚህን ጥያቄዎች ማንም ሳያጠናው ይመልሳቸዋል። ቡና ሲፈላ፣ ለቅሶ ሲደረስ፣ ጽዋ ማኅበር ሲጠጣ ጥግ ይዞ ሲሰማቸው ያድጋልና። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ የትውልድ ታሪክን ለታሪክ ምሁራን ትቶ አያውቅም።

የማንነት ቀውስ የሚባለውን ሐሳብ ለዓለም ያስተዋወቀው ኤሪክ ኤሪክሰን የተወለደው እኔ በምኖርበት በፍራንክፈርት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ነው። ወላጅ አባቱን አያውቅም። እናቱ ያገቡትን የሕፃናት ሐኪም አባትህ ነው ተብሎ አደገ፤ እውነቱን የሰማው ቆይቶ ነው። ትምህርት ቤት አይሁዳዊ ነህ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ምኩራብ ሲሄድ ደግሞ ቁመቱንና ወርቃማ ፀጉሩን አይተው የሰሜን ሰው ይሉታል። በ1933 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1939 ዜግነት ሲያገኝ ራሱ የመረጠውን ኤሪክሰን የሚለውን ስም፣ የኤሪክ ልጅ ማለት ነው፣ አጸደቀ። ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን ስም ለምንጠራው ለእኛ ይህ ልብ ይነካል፤ የሚጠራው አባት ያጣ ሰው በራሱ ስም ተጠራ። ከጽሑፎቹ ሁሉ እኔን የያዘኝ፣ ወጣት ማንነቱን ብቻውን ፈልጎ አያገኘውም ማለቱ ነው። እርሱ ራሱን የሚያይበትና ማኅበረሰቡ እርሱን የሚያይበት ዓይን መገጣጠም አለባቸው።

ስለዚህ «ውጭ አገር ሰው ማንነቱን ይመርጣል፣ አገር ቤት ይታደለዋል» የሚለውን የተለመደ አነጋገር አልቀበልም። በምኖርበት በሄሰን ግዛት ልጆች በብዛት 4ኛ ክፍልን ሲጨርሱ፣ ገና በ10 ዓመታቸው አካባቢ፣ ወደ ተለያየ ዓይነት ትምህርት ቤት ይከፈላሉ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያደርሰው ጂምናዚየም፣ ሌላው ወደ ሙያ ወደሚያዘነብለው። መምህራን ስለ እያንዳንዱ ልጅ አስተያየት ይሰጣሉ፤ ያ አስተያየት በልጁ ጆሮ ለዓመታት ይጮኻል። ልጄ እዚያው ተወልዳ ጀርመንኛውን ከመምህሯ እኩል እየተናገረች እንኳ «ከየት ነሽ?» መባሏ አልቀረም። ፍራንክፈርት ስትል ጠያቂው አይረካም። የሽምብጧ እናትም በአንድ መልስ አልረኩም ነበር። እሳቸው ግን የጠየቋት የሚያስገቡበትን በር ፈልገው ነው።

ምስክርነት በጎ ብቻ ነው ብዬ ግን አልዋሽም። ከጣና ዳር ሳልወጣ የነገደ ወይጦን ልጆች ላንሳ። አባቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የደንገል ታንኳ በመሥራት እስከ ዛሬ የሚስተካከላቸው የለም። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። በዚያው ቋንቋ ግን ጎረቤት ለዘመናት ሲያንቋሽሻቸው፣ ማዕዱንም ሲነፍጋቸው ኖሯል። ልጄ ሐይቁ ዳር ከአንዲት የደንገል ቅርጫት ከምትሸጥ እኩያዋ ጋር ወዳጅ ሆና ነበር። የማን ልጅ እንደሆነች ሲጠይቋት ልጅቱ አንገቷን ትደፋለች። ጥያቄው ለልጄ የሰጣትን ሁሉ ከእርሷ ይነጥቃታል። ያን ቀን ማታ ጎረቤታችንን ስለ ልጅቱ ጠየቅኋቸው። አያቷን ያውቁታል፤ ከዘጌ በታንኳ እንጨት ያመጣላቸው እንደነበር፣ ማዕበል ባለበት ቀን እንኳ ቀርቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ታዲያ ይህን ለልጅቱም ሊነግሯት ይገባል አልኳቸው፤ አጥብቄ። እኛ ማንን ማስታወስ እንዳለብን መርጠን ስናበቃ፣ ያልተመረጠው ልጅ ራሱን በምን ዓይን እንዲያይ እንጠብቃለን?

አገር ቤትም ቢሆን ምስክሩ እየሳሳ ነው። በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ልጅ ብዙ ነው። የተፈናቀለ ልጅ ከቤቱ ጋር ያጣው የሚያውቀውን ሰፈር ነው። በየመድረኩ ስለ ማንነት የሚደረገው ክርክር ሁሉ ስለ ብሔር ሲሆን፣ ይህኛው ጉዳት ቆጣሪ አላገኘም።

ለእኛ ለውጭዎቹ የምለው ግን ቀላል ነው። ልጆቻችንን ይዘን ስንመጣ ሐይቁ ዳር ሆቴል እንይዛለን፤ ጀልባ ተከራይተን ገዳማቱን እናሳያለን፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት ፎቶግራፍ አንስተን እንመለሳለን። ልጁ አገሩን አየ፣ አገሩ ግን ልጁን አላየውም። ሆቴሉ ይቅር። የአውሮፓ የበጋ ዕረፍት ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ሰላም የሆነበት ዓመት ሲገኝ ልጁ አክስቱ ቤት ይክረም፣ ለቅሶ ይድረስ፣ ሱቅ ይላክ፣ አጥፍቶ በጎረቤት ይቆጣ። ወላጅ አጠገቡ ባይኖር ይመረጣል፤ እኛ ካለን ሰዎች የሚያወሩት ከእኛ ጋር ነው። ልጄ ለሚቀጥለው ክረምት ብቻዋን ልሂድ ብላለች፤ እናቷና እኔም ከእህቴ ጋር እየተነጋገርንበት ነው።