ደወሉ ወይስ ዘበኛው? የጅማ ባለሱቅ ገንዘቡን በምን ላይ ያውል?

የክርክሩ ነጥብ ይህ ነው፦ «በጅማ ሱቅ ወይም የቡና መጋዘን ያለው ሰው ለሌባ መከላከያ ከሚያወጣው ገንዘብ ቅድሚያውን ለማንቂያ መሣሪያ ይስጥ።» የሚደግፈው ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተምሮ ዛሬ ከተማው ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግንና ማንቂያ ደወል የሚገጣጥም ወጣት ነው። የሚቃወሙት ለብዙ ዓመት የቡና መጋዘን ያስተዳደሩ እናት ናቸው። ሁለቱም ሐሳባቸውን የሰጡት በጽሑፍ ነው።

ወጣቱ፦

እትዬ፣ ሂርማታ መርካቶን ማታ ስለሚያውቁት ብዙ ማስረዳት የለብኝም። ሱቆቹ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። ለአንድ ረድፍ አንድ ዘበኛ አለ። ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው። ጋቢ፣ ዱላና የእጅ ባትሪ ይዘዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አራት ሱቅ አልፎ ጓጉንቸር ቢቆረጥ በምን ይስሙ? ጅማ ደግሞ ዝናቧ ቶሎ የሚያባራ ከተማ አይደለችም። ቢሰሙስ? ፌሮ የያዙ ጎረምሶች ፊት በዱላ ይቁሙ? ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ለሰው ዕቃ ሲባል አንድ አባት ደረታቸውን እንዲሰጡ መጠበቅ ትክክል አይደለም።

መሣሪያው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ሸክም ማቅለል ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም። አውገስተስ ራስል ፖፕ የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው ለኤሌክትሪክ ማንቂያ ደወል ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። በሩ ሲከፈት የኤሌክትሪክ መስመሩ ይገናኛል፤ ማግኔቱ መዶሻውን ይስባል፤ መዶሻው ደወሉን ይመታል። በቃ ይኸው ነው። ኤድዊን ሆልምስ የተባለ ነጋዴ በ1857 መብቱን ገዝቶ ሥራ አደረገው።

እኔ ዛሬ የምገጥመውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በሩ ላይ ትንሽ ማግኔት ይለጠፋል። መቃኑ ላይ ደግሞ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለ። ቱቦው ውስጥ ሁለት የብረት ምላሶች አሉ። በሩ ዝግ ሲሆን ማግኔቱ ምላሶቹን ያገናኛቸዋል፤ በሩ ገርበብ ሲል ይላቀቃሉ። ከፖፕ የሚለየው መስመሩ ሁልጊዜ የተገናኘ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሌባው ሽቦውን ቢቆርጠውም ያው ይጮኻል። ከዚያ ሲም ካርድ የገባበት ቦርድ ለባለሱቁ፣ ለዘበኛውና ለጎረቤቶች ይደውላል። መብራት ቢጠፋ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለው። ቦርዱና ሴንሰሮቹ፣ ማለትም ሌባውን የሚያውቁት ዕቃዎች፣ አንድ ላይ 100 ሚሊአምፔር ቢስቡ በሂሳብ (7,000 ሲካፈል ለ100) 70 ሰዓት ነው። ባትሪው አርጅቷል ብለን ብንቀንስ እንኳ ሁለት ሌሊት ያሳድራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራና የአደጋ መጥሪያ ያለውን የቤት ጥበቃ መሣሪያ የፈለሰፈችው ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ናት። በኒውዮርክ ኩዊንስ የምትኖር ነርስ ነበረች። ከባሏ ከአልበርት ጋር በ1966 አመለከተች፤ ፓተንቱን በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ. አገኘች። በሯ ላይ አራት ማያ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚንቀሳቀስ ካሜራ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን፣ ማነጋገሪያ ማይክሮፎን። ሰፈሯ ወንጀል በዝቶበት፣ ፖሊስ ቶሎ አይደርስ ብሏት የተቸገረች የሰፈር ሰው ነበረች። የፓተንቱ ዘመን ካለቀ ቆይቷል፤ ማንም ቢሠራበት የሚጠይቀው የለም። የእኛም አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፦ 5 ዓመት፣ ሲታደስ ሌላ 5 ዓመት። ለጅማ ቆርቆሮና ለጅማ ዝናብ የሚስማማውን መሣሪያ የጅማ ልጅ ይሥራው እላለሁ። ለዚያ ደግሞ ገዥ ያስፈልጋል።

የመጋዘን አስተዳዳሪዋ፦

ልጄ፣ ስለ ዘበኞቻችን በማሰብህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልከው እውነት ነው፤ የሚጠየቁት ከአቅማቸው በላይ ነው። መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም።

መጀመሪያ ቤቱን እንይ። አንተ ያወራኸው ስለ በር ነው። ብዙዎቹ የድሮ መጋዘኖቻችን ግን ጭቃ ቤት ናቸው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሌባ እንዲህ ያለ ቤት ሲገባ በሩን ለምን ይነካል? ከጓሮ ግድግዳውን ይበሳል፤ ወይም ቆርቆሮውን ያነሳል። በሩ ዝግ፣ ማግኔቱም ቦታው ላይ እንዳለ ያድራል። ጠዋት ጓጉንቸሬን ከፍቼ ስገባ ብርሃን የማየው በግድግዳው በኩል ነው።

«የእንቅስቃሴ ሴንሰር አለ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እሱንም አስገጥሜ አይቼዋለሁ። የገጠመልኝ ድርጅት ሰው ጥሩ አድርጎ አስረድቶኝ ነበር፦ የሰው ገላ ሙቀት የሚያወጣውን የማይታይ ጨረር ነው የሚያየው። ጨረሩ በጆንያ አያልፍም፤ በመስኮት መስታወት እንኳ አያልፍም። ሐምሌ ላይ ሲገጥምልኝ መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ያያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጀንፈሉ ሲገባስ? ጆንያው እስከ ማገሩ ተከመረ። ሴንሰሩ ፊት ለፊቱ ያለውን ጆንያ ብቻ እያየ ከረመ። ገንዘብ ያለበት ወቅት ደግሞ ያ ነው! በባዶው ቤት የሚያይ፣ በሞላው ቤት የሚታወር ዕቃ ምን ያደርግልኛል?

ሁለተኛው የውሸት ጩኸት ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ለፖሊሶች ያዘጋጀውን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። እዚያ አገር ፖሊስ ከሚጠራባቸው ማንቂያዎች ከ94 እስከ 98 በመቶው የውሸት ናቸው ይላል። የሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለመረረው ደንብ አወጣ፦ ሰው ሄዶ በዓይኑ ካላረጋገጠ ፖሊስ አይወጣም። ማን ሄዶ ያረጋግጥ? የጥበቃ ሠራተኛ። እነሱም ዞረው ዞረው የደረሱት ዘበኛ ጋ ነው። የእኛ ሰፈርስ? አይጥ በሮጠ፣ ንፋስ ቆርቆሮ ባንኳኳ ቁጥር ስልኩ ሌሊት የሚጮኽበት ጎረቤት መጀመሪያ ይነሳል፣ ቀጥሎ ያጉረመርማል፣ በመጨረሻ ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል። እውነተኛው ሌባ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቢነሱም እስኪደርሱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ያቺን ነርስ በማንሳትህ ደስ ብሎኛል። የመሣሪያዋን መጨረሻ ግን ዘለልከው። አንድ አዝራር ነበረው፤ ሲጫኑት ፖሊስ ወይም ጥበቃ ይጠራል። ያ ሁሉ ካሜራና ቴሌቪዥን የሚያበቃው የሚመጣ ሰው ጋ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ እናስተካክል። ለዘበኛው የሚያኖረው ደሞዝ ይከፈለው። ብቻውን አይደር፤ ሁለት ይሁኑ። የማያፈስ ማደሪያ፣ ካርድ የተሞላ ስልክ፣ ጥሩ መብራት ይኑራቸው። የእኛ ዘበኛ የማታውን መኪና ከድምፁ ይለያል። የማን ልጅ በየትኛው ጓሮ እንደሚያቋርጥ ያውቃል። «ሌባ!» ብሎ፣ «ሃቱ!» ብሎ ሲጮኽ ሰው የሚወጣለት ድምፁን ስለሚያውቀው ነው።

ወጣቱ፦

የጆንያው ነገር ትክክል ነው፤ አልክድም። ግን ያ የገጣሚው ጥፋት ነው፣ የመሣሪያው አይደለም። የቡና መጋዘን የሚገጥም ሰው መጠየቅ ያለበት «ሲሞላ የት ይደርሳል?» ብሎ ነው። ሴንሰሩ በክምሩና በግድግዳው መካከል ያለውን መተላለፊያ ማየት አለበት። ከጣሪያው ሥር ደግሞ ሌላ ይሰቀላል። ደግሞ ወደ ሴንሰሩ ቀጥ ብሎ የሚመጣን ሰው ከማየት ይልቅ ፊቱን አቋርጦ የሚያልፈውን በደንብ ያያል። ስለዚህ ማዕዘኑ ላይ ሆኖ ወደ ጎን መመልከት አለበት። ይህን የሚያውቀው መጋዘኑን በኅዳር ያየ ሰው ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ በካታሎግ የሚሸጥልዎት ሰው አያውቀውም። የጅማ ልጅ ይሥራው ያልኩት ለዚህ ነው።

የውሸት ጩኸቱም መላ አለው። አንድ ሴንሰር ብቻውን አይጩኽ። ሁለት በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተነኩ ሳይረኑ ይነሳ፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ለዘበኛው ስልክ በዝምታ መልእክት ይሂድ። ጎረቤት አይቀሰቀስም። እትዬ፣ እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ። መጀመሪያ የሚጠራው ዘበኛው ነው። ሁለት ዘበኛ ቢቀጥሩም ግድግዳው በጓሮ ሲበሳ በፊት ለፊት ከተቀመጡ፣ ዝናብም ካለ፣ አራት ጆሮ ከሁለት አይሻልም።

ደግሞ ሌባ ሁሉ ከውጭ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1818 ጀረማያ ቸብ የሚባል እንግሊዛዊ አንድ ቁልፍ ሠራ። ሰው በሌላ ነገር ሊከፍተው ሲሞክር ቁልፉ ይነክስና ይቆማል። ባለቤቱ መጥቶ የራሱን መክፈቻ ሲያስገባ እንቢ ይለዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው እንደነካካበት ያውቃል። የመሣሪያ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። የእኔ ቦርድ በሩ የተከፈተበትን ሰዓት ሁሉ ይመዘግባል። ቀን በምሳ ሰዓት፣ መክፈቻ ባለው ሰው እጅ ሲከፈትም ይመዘግባል። ዘበኛው ይህን ሊነግርዎት አይችልም። ቢያይም የሚያየው ሠራተኛዎን ነውና አይጠረጥርም። ዕቃ ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ የሚታሰሩት ዘበኛው ናቸው። መዝገቡ ለእሳቸውም ጠበቃ ነው።

የመጋዘን አስተዳዳሪዋ፦

ይህን የመጨረሻውን ወድጄዋለሁ። ንጹሕ ሰው ሲታሰር አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። መዝገቡን ብቻ ለይተህ ብትሸጥልኝ ነገ እገዛዋለሁ።

የቸብ ቁልፍ ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ በ1851 እ.ኤ.አ. ለንደን መጥቶ በ25 ደቂቃ ገደማ ከፈተው። ሰው የሠራውን ሰው ይፈታዋል። የአንተንም ይፈቱታል። መብራት ረጅም ጊዜ ሲጠፋ የስልክ ኔትወርኩም አብሮ ሲሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ባትሪህ ሁለት ሌሊት ቢያድር ወዴት ይደውላል? ባትሪውስ በሦስትና በአራት ዓመት ሲሞት ማን ይቀይራል? የገጠመልኝ ድርጅት አንዴ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልክ አላነሳም። ዕቃው እስካሁን ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ ትንሿ ቀይ መብራት እንኳ የለችውም።

ገንዘቡን በምን ላይ እናውል ከተባለ፣ እኔ በያጅ እጠራለሁ። ብዙ የብረት በሮቻችን ማጠፊያቸው ወደ ውጭ ነው። ጓጉንቸሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ማጠፊያው ከተነቀለ በሩ በዚያው በኩል ይወልቃል። የማጠፊያውን ዘንግ ላይና ታች አንድ አንድ ነጥብ ማስበየድ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቀጥሎ የጓሮውን ግድግዳ ከመሠረቱ እስከ ወገብ ድረስ በብሎኬት አስገነባለሁ። ቀጥሎ ዘበኛዬን እጨምራለሁ። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ካለ ያን ጊዜ ና።

ወጣቱ፦

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው እንግዲህ የተለያየነው። ብየዳው ዛሬውኑ ይሁን፤ በእሱ አልከራከርም። ብሎኬቱ ግን የብዙ ዓመት ገንዘብ ነው፤ ተከራይ ነጋዴ ደግሞ የሰው ግድግዳ አይገነባም። መርካቶ ውስጥ ያለው ብዙው ተከራይ ነው። እሱ ነቅሎ ይዞት የሚሄደው መሣሪያ ነው የሚያዋጣው። ስልክ የማያነሳውን ድርጅት በተመለከተ ግን መልስ አለኝ። እኔ የማድረው እዚሁ ነው፤ ሱቄንም ያውቁታል። በየወሩ መጥቼ በሩን ከፍቼ አስጮኸዋለሁ፤ ባትሪውን ለክቼ እጽፋለሁ። ኔትወርክ ቢጠፋም ሳይረኑ በራሱ ይጮኻል፤ ለመጮኽ ሲም አይፈልግም። ለአንድ ሱቅ ውድ ነው ካሉ ለረድፉ በጋራ ይገዛ። አንድ ቦርድ ስምንት በር ይይዛል።

የመጋዘን አስተዳዳሪዋ፦

ለረድፉ በጋራ ካልከኝ ወደ እኔ ቀርበሃል፤ ምክንያቱም በጋራ የሚገዛ ሰው በጋራ ይነሳል። እንግዲያው ከሽቦው በፊት ሌላ ነገር አምጣልኝ። ሳይረኑ በጮኸበት ሌሊት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ከአልጋው ተነስቶ የሚወጣ ማን ነው? ከረድፉ የአምስት ሰው ስም፣ በእጃቸው ያስፈረምክበት፣ ከእነ ስልክ ቁጥራቸው። ሐሙስ ገበያ ቀን ሁሉም ሱቃቸው ላይ ናቸው፤ ዙርና ጠይቃቸው። አምስቱን ካገኘህ የእኔን በር ስድስተኛ አድርገህ ጻፈው። ሦስት ብቻ ከሆኑ ግን ገንዘቤን ለበያጁ ነው የምሰጠው።