ኢምፕሮቫይዜሽን፦ ከመጀመሪያው ሳምንት ወይስ መሠረቱ ከተያዘ በኋላ?

ጀማሪ ተማሪ በቅጽበት እየፈጠረ መጫወትን፣ ማለትም ኢምፕሮቫይዜሽንን፣ መቼ ይማር? አንዲት የቴአትር አሠልጣኝና አንድ የፒያኖ መምህር በዚህ ጥያቄ ላይ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

የቴአትር አሠልጣኟ፦

በአንድ የተማሪዎች ምዘና ላይ ተቀምጬ ነበር። ስድስት ዓመት ፒያኖ የተማረች ልጅ ለወራት ያጠናችውን ሥራ ስትጫወት መሃል ላይ ጠፋባት። ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሳ ሞከረች፤ እዚያችው ቦታ ስትደርስ ቆመች። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አሁንም እዚያው ቆመች። የግራ እጇ ኮርድ፣ ማለትም በአንድነት የሚመቱት ድምፆች፣ እኮ አልጠፋትም ነበር። በዚያ ኮርድ ላይ ሁለት ባር (የምት ክፍል) ያህል የመጣላትን ብትጫወት ኖሮ መንገዷን ታገኝ ነበር። ይህን ማድረግ እንደሚቻል የነገራት ሰው ስላልነበረ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ተነሳች።

እኔ የምለው፣ ኢምፕሮቫይዜሽን ራሱን የቻለ ክህሎት ነው፤ ሌላው ሲጠና በጎን ተከትሎ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2014 በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተቋም እነ አና ፒኒዮና ፍሬድሪክ ኡሌን 39 ፒያኒስቶችን በኤምአርአይ ውስጥ እያስጫወቱ አጥንተዋል። በኢምፕሮቫይዜሽን ብዙ ሰዓት ያሳለፉት ሲፈጥሩ፣ ለቁጥጥርና ለትኩረት የሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች ብዙም አይደክሙም፤ በፊት አንጎልና እንቅስቃሴን በሚያቅዱት ክፍሎች መካከል ያለው ትስስር ግን የጠነከረ ነው። ክላሲካል ሲለማመዱ ያሳለፉት ሰዓት በስሌቱ ከተቀነሰ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ስለዚህ ሌላ ሥራ ማጥናት ይህን ልምምድ አይተካውም።

የፒያኖ መምህሩ፦

እህቴ፣ የልጅቷ ነገር ልቤን ነክቶታል፤ እንዲህ ያለ ተማሪ ያላጋጠመው መምህር የለም። ጥናቱ ግን ስለ ጀማሪ አይናገርም። 39ኙም ከመሣሪያው ጋር ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻርልስ ሊምና አለን ብራውን ያጠኗቸው ስድስት የጃዝ ፒያኒስቶችም እንዲሁ ባለሙያዎች ነበሩ። በዚያ ጥናት ሲፈጥሩ ራስን የሚቆጣጠረው የፊት አንጎል ክፍል ጋብ ማለቱ ታይቷል። ይህን ይዘው «ማሰብ አቁምና ፍጠር» ብለው ተማሪ የሚያሰለጥኑ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ባለሙያው ቁጥጥሩን ማላላት የቻለው ጣቱ ሥራውን ስላወቀ ነው። ጣቱ ገና ያላወቀ ልጅ ምኑን ያላላል?

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ተመራማሪ ሚልማን ፓሪና ተማሪው አልበርት ሎርድ በዩጎዝላቪያ ጉስላ የሚባል እንደ ማሲንቆ ያለ መሣሪያ እየመቱ ረጃጅም የጀግና ታሪክ የሚያዜሙ ሰዎችን ቀድተዋል። አዝማሪዎቹ የሸመደዱትን አይደግሙም፤ እያዜሙ ይገጥማሉ። የሚገጥሙት ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ እየሰሙ ባጠራቀሟቸው ዝግጁ ሐረጎች ነው። ሎርድ እንደጻፈው መጀመሪያ መስማት ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ሰው በሌለበት መሞከር፤ ታዳሚ ፊት መቅረብ በመጨረሻ። ዓመታት ይፈጃል። እኔም የምለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መሠረቱ ይቅደም፣ መፍጠሩ ይከተል።

እኔም ሞክሬዋለሁ። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ፒያኖው ፊት አስቀምጬ «የፈለግከውን ተጫወት» አልኩት። እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ አየኝ። ቆይቶ አንድ ቁልፍ ነካና «ትክክል ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ጥያቄ ለጀማሪ አቅርቤ አላውቅም።

የቴአትር አሠልጣኟ፦

ልክ ነዎት፣ ያ ጥያቄ ዳግም መቅረብ የለበትም። ልጁን ያስቆመው ግን ኢምፕሮቫይዜሽን ሳይሆን ሕግ ማጣት ነው። በቴአትር ተማሪን ወደ መድረክ አውጥተን «የፈለግሽውን ሁኚ» አንልም። «ጓደኛሽ ያለችውን ተቀበይና አንድ ነገር ጨምሪበት» እንላለን። አሜሪካዊቷ የቴአትር መምህርት ቪዮላ ስፖሊን የቴአትር ጨዋታዎቿን የሠራችው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ተጫዋቹ ትኩረቱን የሚጥልበት አንድ ጥያቄና ግልጽ ሕግ አለው። በፒያኖም ይቻላል። እርስዎ በግራ በኩል ተቀምጠው ከጥቁሮቹ ቁልፎች የተሠራ አጃቢ እየደጋገሙ ይጫወቱ፤ ልጁ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ይንካ። የትኛውንም ቢነካ ጆሮ አይጎረብጥምና «ትክክል ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖርም። ሁለት ጊዜ ከተጫወተ በኋላ «አሁን ደግሞ የኔን መጨረሻ ጠብቀህ መልስ» ይበሉት። ሐረግ ማጠራቀም የጀመረው ያኔ ነው፤ አዝማሪዎቹም የሰሙትን ለብቻቸው ሲሞክሩ ጀማሪዎች ነበሩ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኔፕልስ ኮንሰርቫቶሪዎች፣ ማለትም የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችስ? ልጆቹ ፓርቲሜንቶ የሚባል የባስ (የታችኛው ድምፅ) መስመር ብቻ ይሰጣቸውና የላይኛውን ድምፅ ቁልፉ ላይ ሆነው እዚያው ይፈጥሩ ነበር። ሕጉን የተማሩት እየፈጠሩ ነው።

የፒያኖ መምህሩ፦

ጥቁሮቹን ቁልፎች እቀበላለሁ፤ ያንን ልጅ ሳስበው ቀድሜ ባወቅሁት ኖሮ እላለሁ። ኔፕልስ ግን ለእኔም ይመሰክራል፤ እነዚያ ልጆች የባሱን ሕግ ለዓመታት ደጋግመው አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1747 ፖትስዳም ላይ የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ለሙዚቃ ደራሲው ባኽ አንድ ዜማ ሲሰጠው ባለሦስት ድምፅ ፉጋ፣ ማለትም ድምፆቹ አንዱን ዜማ እየተቀባበሉ የሚሄዱበት ሥራ፣ እዚያው ፈጥሮ ተጫወተለት። ባለስድስት ድምፁን ግን በዚያ ዜማ ወዲያው አልሞከረውም፤ ላይፕዚግ ተመልሶ ጻፈው። ወረቀትና ጊዜ የሚፈልግ ሥራ አለ። ተማሪው ይህንንም ይማር፤ ኖታ ካላነበበ ደግሞ አይማረውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የ20 ደቂቃ የኢምፕሮቫይዜሽን ቴአትር ሐሳብን እንደሚያሰፋና እርግጠኛ አለመሆንን ለመቻል እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት አለ፤ ባልደረቦቼም ይህንኑ እየጠቀሱ የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ይጠይቃሉ። የተለካው ግን ከልምምዱ ቀጥሎ ነው። ያንን ይዤ የአንድ ዓመት ትምህርት አልቀይርም።

የቴአትር አሠልጣኟ፦

በ20 ደቂቃው እስማማለሁ፤ እኔም ያልጠቀስኩት ለዚህ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱን ይቀይሩልኝም አልልም። ከሳምንታዊው ትምህርት አምስት ደቂቃ ይስጡኝ፤ ከስኬል ልምምዱ፣ ድምፆችን በተርታ ወደ ላይና ወደ ታች ከመጫወቱ፣ ላይ ይነሳ። ያንኑ ስኬል ልጁ ጥያቄና መልስ አድርጎ ይጫወተው።

የፒያኖ መምህሩ፦

ከስኬሉ እሰጣለሁ። ከኖታ ንባቡ አንዲት ደቂቃ አልሰጥም።

የቴአትር አሠልጣኟ፦

ኖታውን አልነካብዎትም። ግን አምስቱ ደቂቃ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። ያቺ ልጅ ስድስት ዓመት ጠብቃለች።