ድንጋዩ ባዶ ከሆነ ኒኬሉ የት ገባ?

ሰሞኑን ዞን ላይ በተደረገ ስብሰባ አንድ ኃላፊ ተነስተው "ናሙና ላብራቶሪ ልከን አይተነዋል፣ የጎጃም ባዛልት ባዶ ነው፣ ወጣቱ ኮብልስቶን ይጥረብ" ብለው አረፉት። ባዛልት ያው ላቫ ሲረጋ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ "ባዶ" ያሉትም እንደ ኒኬል ያለ ውድ ማዕድን የለበትም ለማለት ነው። ተጨበጨበላቸውም። እኔ ግን ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፣ ምክንያቱም "ባዶ ነው" ሲባል ጥያቄው ገና ተጀመረ እንጂ አልተዘጋም።

እስቲ አስቡት። ማግማ ውስጥ፣ ማለትም ከምድር ስር ቀልጦ ባለው ድንጋይ ውስጥ፣ ድኝ ሲበዛ ማግማው መሸከም ያቅተውና ሰልፋይዱ፣ ማለትም ድኝና ብረት የተዋሃዱበት ቅላጭ፣ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይለያል፣ ዘይትና ውሃ እንደማይዋሃዱት ማለት ነው፣ ይሄኛው ግን ከባድ ስለሆነ እንደ ጠላ አተላ ወደታች ነው የሚዘቅጠው። ሲዘቅጥ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ኒኬሉን መዳቡን ጠራርጎ ይወስዳል፣ ፕላቲነምና ፓላዲየም የሚባሉት ውድ ብረቶችማ ማግማው ውስጥ ከሚቀሩት ከአስር ሺህ እጥፍ በላይ እሱ ውስጥ ነው የሚከማቹት። የተራቆተው ማግማ ወደ ላይ ወጥቶ ላቫ ሆኖ ይፈሳል፣ እኛ እሱን ፈልጠን ላብራቶሪ ልከን "ባዶ" እንላለን! ሳይቤሪያ ኖሪልስክን እዩ፣ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ባዛልት ውስጥ ኒኬልና ፓላዲየም የተሟጠጡበት ንብርብር አለ፣ ከዓለም ትልልቆቹ የኒኬልና የፓላዲየም ክምችቶች አንዱ ደግሞ እዛው ከስር ተኝቷል። ድኙን ከየት አመጣው ቢባል ብዙ ጂኦሎጂስቶች የሚሉት ማግማው ሲወጣ ሰንጥቆት ካለፈው አንሃይድራይት ነው፣ ያው ውሃ የሌለው ጂፕሰም ማለት ነው።

ጂፕሰም! ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ሁሉ አይቶታል እኮ፣ ጥቁሩ ባዛልት ከላይ፣ ኖራ ድንጋዩ ከሱ በታች፣ ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ነጫጩ የጂፕሰም ንብርብር፣ በጥፍር ሲፍቁት የሚቧጠጠው። የኛ ባዛልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይህን ሁሉ በስቶ ነው የወጣው፣ እና ማንም ሳይሰረስር "ባዶ" ተባለ።

ጎጃም ኒኬል አለው ብዬ አልምልም። ኒኬል መጉደሉ ብቻውንም አይበቃም፣ ኦሊቪን የሚባለው ማዕድን ቀድሞ ሲረጋ ኒኬሉን ይዞት ሊቀር ይችላል። ፓላዲየምን ግን ኦሊቪን አይፈልገውም፣ እሱ ከጠፋ እጄን ሰልፋይዱ ላይ ነው የምቀስረው። እና ክቡር ኃላፊ፣ ያ ናሙና ፓላዲየሙ ተለክቶ ነበር ወይስ ወርቅ ብቻ ታይቶ ፋይሉ ተዘጋ? ውጤቱ ከነሙሉ ቁጥሩ፣ ናሙናው ከየትኛው ቀበሌ እንደተነሳ ጭምር፣ ይለጠፍልን፣ ድንጋዩን ጠርበን ሳንጨርሰው።