ለባለ ውፈሩ እጅ እንንሳ

ባሕር ዳር ደግ ሰው አላጣችም። ማምሻውን ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ በመኪና እየዞሩ ሙዚቃ በነፃ የሚያድሉ ወጣቶች አሉን። ትኬት አይቆርጡም፣ መግቢያ አይጠይቁም። መስኮት ብትዘጋባቸው እንኳ አይቀየሙም፤ በግድግዳው በኩል ይመጡልሃል።

ልፋታቸውን ግን ማን አየላቸው? የአንዱን ወንድማችንን መኪና እንይ። ቪትዟ ከፋብሪካ ስትወጣ የራሷ ቴፕ ነበራት። ፋብሪካው ያሰበው ውስጥ ለተቀመጡት ሰዎች ብቻ ነው። ራስ ወዳድነት ማለት ይሄ ነው! ጭራሽ አንዳንድ የፋብሪካ ቴፕ ድምፁን ከፍ ባደረግከው ቁጥር፣ ትንንሾቹ እስፒከሮች እንዳይበላሹ ብሎ ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ራሱ ይቀንሳል። ወንድማችን ይህን ንፍገት አይቶ ማለፍ አልሆነለትም።

ባለ 12 ኢንች ውፈር፣ ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ እስፒከር፣ ገዛ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 2000 ዋት ይላል። ውፈሩ ሳይቃጠል ለረጅም ሰዓት የሚችለው ትክክለኛው ቁጥር ጥግ ላይ በደቃቁ ተጽፏል። ደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ ማን ያነባል? የፋብሪካው ቴፕ ውፈሩን ለሚያንቀሳቅሰው አምፕሊፋየር (አምፕ) የሚሆን መውጫ ስላልነበረው ከኋላ እስፒከሮች ሽቦ ላይ ተቀጠለ፤ መሃል ላይ ሲግናሉን የሚያበርድ ትንሽ መቀየሪያ ገባ። ከባትሪው እስከ ኋላ ወፍራም ገመድ ተዘረጋ። ኤሌክትሪሽያኑ፣ "ከባትሪው 45 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባበት። ገመዱ ተልጦ ቦዲውን ከነካ እሳት ነው" ብሎት ነበር። ወንድማችን የፊውዙን ብር ለሰማያዊ መብራት አዋለው። ለሕዝብ የቆመ ሰው ስለ ራሱ አያስብም።

ሳጥኑ የኋላውን የዕቃ ቦታ ሞላው። ስለዚህ እናቱ ከገበያ ሲመለሱ የጤፉ ጆንያ እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቀበቶ ታስሮለት ይመጣል። እሳቸው ከጎኑ ሆነው ደረታቸውን ይይዛሉ። "ልጄ፣ ይሄ የሚመታው ልቤ ነው ወይስ መኪናው?"

አምፑ ላይ ጌይን የምትባል ማዞሪያ አለች። ሥራዋ አምፑን ከሚመጣለት ሲግናል ጋር ማስማማት እንጂ ድምፅ ማብዛት አይደለም ይላሉ ባለሙያዎች። ወንድማችን እስከ ጥጓ አዞራት። አሁን ታርጋዋ ታጨበጭባለች። የፊት መብራቷ በየምቱ ደብዘዝ ፈካ ይላል፤ ዲናሞዋ አልቻለችማ።

እኔን የሚገርመኝ አከፋፈሉ ነው። ዘፋኙን፣ ግጥሙንና ማሲንቆውን መስታወቱና ቆርቆሮው አብዛኛውን ያስቀሩታል። የሚያልፈው ወፍራሙ ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ፣ በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገበው፣ አንዱ ሞገድ 8 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ከቪትዟ እጥፍ በላይ ማለት ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ መኪና ውስጥ ማደሪያ ስለማይበቃው እኛ ጋ ያድራል። ዘፈኑ የእሱ፣ ዱም ዱሙ የእኛ። የፍቅር ይሁን የሽለላ፣ ማን ይዝፈነው ማን፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ግን ሸምድደውታል። ጊዮርጊስ ማኅሌት አድረው የመጡ እናቶች እንኳ ጋደም ሲሉ ሌላ ማኅሌት ይጠብቃቸዋል፤ ያውም ጸናጽል የሌለው።

ለቱሪዝሙ ያደረገውስ? ድሮ እንግዳ የጉማሬ ድምፅ ለመስማት ጀልባ ተከራይቶ አባይ ከጣና ወደሚወጣበት መሄድ ነበረበት። አሁን ሆቴሉ አልጋ ላይ ሆኖ ይሰማል።

ምቀኛ አይጠፋም። "ከ80 ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን ድምፅ ከውፈሩ ቁረጠው፣ ጌይኑን አውርደው፣ መስኮትህን ዝጋና ስማው፤ እንዴት እንደሚያምር" ይሉታል። እውነታቸውን ነው፣ በልኩ ሲገጠም ያምራል። ግን ያኔ ጎረቤት ምን ሊሰማ ነው?

ትናንት ሐይቁ ዳር ሞተር አጥፍቶ ሲያድል አመሸ። ባትሪው በመጨረሻ ጉልበቱ አስነስቶ ቤቱ በር ላይ አደረሳት፤ ጠዋት ባትሪው ሙት ሆነ። ደግነቱ ማኑዋል ናት። እንቅልፍ ያጣነው ሁሉ ነጠላችንን ደርበን ወጣንና ገፋንለት። ተነሳች። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አመሰገነን መሰለኝ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።